ሰው የበዛበት ቦታ

ባልየው የመጀመሪያውን የኬሞ መርፌ በተወጋ ዕለት፣ ነርሷ እሱንና ሚስቱን አስቀምጣ መከረቻቸው።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲመታ የሰውነት መከላከያዎንም ያዳክማል። ትኩሳት ከተሰማዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ። ልብስዎ ለብቻው፣ በጓንት ይታጠብ። ከሁሉም በላይ ሰው የበዛበት ቦታ እንዳይገኙ።»

ሚስቱ እልፍነሽ ይህን ቃል እንደ ንስሐ አባት ትእዛዝ ያዘችው። በሩን ቆልፋ፣ ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ «ዛሬ ሰው ማየት አይችልም» እያለች ከደጅ መለሰች። በዚያ ሰፈር ደግሞ የታመመ ሰው ቤት ተዘግቶ አያውቅም። ጎረቤቶች በአጥር ቢያጮልቁ፣ ጓንት አጥልቃ የባሏን ልብስ ታጥባለች።

«በቃ አርፏል» ተባባሉ። «ዘመድ እስኪሰበሰብ ደብቃን ነው።»

ከሰዓት በኋላ እድሩ ደጃፉ ላይ ድንኳን ተከለ። በሽተኛው የለቅሶ ድምፅ ሲሰማ ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ።

«ጋሽ ደምሰው» አላቸው የእድሩን ዳኛ፣ «እኔ እኮ አልሞትኩም።»

የዳኛው ፊት በደስታ በራ፤ ወዲያው ግን ጨነቃቸው።

«ተመስገን ነው ልጄ። ግን ምነው ቀደም ብለህ ብትነግረን? የእድሩ ድንኳን አንዴ ከተተከለ ሳይለቀስበት አይነቀልም፤ ደንባችን ነው። ንፍሮውም ተጥዷል።»

ለቀስተኛው ሁሉ አንጋጦ ያየዋል። እሱም ጥቂት አሰበና መስኮቱን ዘግቶ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«በይ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ውጪላቸው» አላት። «ሰው የበዛበት ቦታ የተከለከልኩት እኔ ብቻ ነኝ።»