የመንገደኛው ጋን

በኑቢያ በረሃ ባለችው በዚያች ትንሽ ጣቢያ ባቡር ከቀረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ሐዲዱም ተነቅሎ ተሸጧል። ሃጃ በቱል ግን እንደ ድሮው በየማለዳው የመንገደኛውን ጋን ውሃ ትሞላለች፤ ክዳኑን ትገጥምና ጣሳውን ላዩ ላይ ትደፋዋለች።

የድሮው ጣቢያ ሹም ሸሪፍ፣ ለጎብኚ የጣቢያውን አሮጌ ደወል እያሳየ የሚኖረው፣ «ሃጃ፣ ዛሬስ ባቡሩ በስንት ሰዓት ይገባል?» እያለ ይቀልድባት ነበር።

«አርፈህ ደወልህን ጠብቅ!»

የልጇ የሙዘሚል መርዶ ከመጣ ወዲህ ቀልዱን ተወ። ልጁ ወደ ሊቢያ ሲሻገር መኪናው በረሃ ላይ ተበላሽቶ፣ በውሃ ጥም ነው የሞተው።

የሐዘኑ ድንኳን በተነሳ ማግስት በቱል ክዳኑን ስትከፍት ጣሳው ውሃው ውስጥ ነበር። ጠጥቶ ጣሳውን እዚያው የሚጥል ሙዘሚል ብቻ ነበር፤ ስንቴ ተቆጥታዋለች።

«ሸሪፍ፣ አንተ ነህ?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም። ፍየል ይሆናል።»

«ፍየል ክዳን መልሶ ይገጥማል?»

ውሃው በየቀኑ ይበልጥ ይጎድል ጀመር። ዛሬ እስከ አፉ ሞላችውና ሁለቱም አጠገቡ ተቀመጡ። እስከ ቀትር ዝር ያለ ሰው የለም።

«ሃጃ» አለ ሸሪፍ ባዶውን ክዳን እያመለከተ፣ «ጣሳው የታለ?»

ክዳኑ እንደተገጠመ ነው። ከሥሩ ግን ትንፋሽ ሳይወስድ የሚጎነጭ ጉሮሮ ይሰማል።

በቱል እጇን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። «ቀስ ብለህ ጠጣ ልጄ። አልቆጣህም።»

ጣሳው ደረቁን የጋኑን ሆድ ይጭር ጀመር፤ አላቆመም።