የዶይል ፈረቃ

የዳርላ ክንድ የተሰበረው የጤና ኢንሹራንሱ ለቀዶ ጥገናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንከፍልም» ባላት ሳምንት ነው። የሰበራት ባሏ ዶይል ነው። ምክንያቱ ደግሞ የቀዘቀዘ የተጠበሰ አሳ።

ወንድሟ ረስል ጎሚስታ ነው። ወሬው ሥራ ላይ እንዳለ ስለደረሰው የጎማ መፍቻ ብረቱን እንደያዘ መጣ። ዶይልን በር ላይ አገኘውና አንዴ ትከሻው ላይ አሳረፈበት። ዶይል ደሙ እየወረደ ተንበረከከ። ረስል ሁለተኛውን አናቱ ላይ ሊያወርድ ሲል ዳርላ ያን ሁሉ ሰውነቷን ይዛ መሃል ገባች። በደህናው እጇ ብረቱን ቀማችው።

«ልቀቂኝ! ገድዬው ልረፍ!»

«በእናታችን ይዤሃለሁ፣ ባሌን አትንካብኝ!»

ፖሊስ ሲመጣ «ከደረጃ ወድቄ ነው» አለችው። ቤታቸው ደረጃ የለውም። ፖሊሱም ያውቃል፤ ግን ምን ያድርግ፣ ያለችውን ጽፎ ሄደ። ብረቱን ለረስል አልመለሰችለትም። ደሙን ጠርጋ አስቀመጠችው።

እናታቸው በውፍረቷ ሰበብ ልቧ ቀጥ ብሎ የሞተችው በአርባ አራት ዓመቷ ነው። ዳርላ አርባ ሦስትን ልትደፍን ነው። ስኳርም ደም ግፊትም አለባት፤ ስትተኛ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሐኪሟ አላድበሰበሰላትም። «ጨጓራሽ ተቆርጦ ካላነሰ እናትሽን ነው የምትከተዪው» አላት። ቀዶ ጥገናው ሃያ አምስት ሺህ ዶላር ይፈጃል። እሷ የቁርስ ቤት አስተናጋጅ ናት፤ ከየት ታመጣዋለች? ያላት ኢንሹራንስ ዶይል የሚሠራበት የዶሮ ማረጃ ፋብሪካ ለሱና ለቤተሰቡ፣ ሥራው ላይ እስካለ ድረስ የሚሰጠው ብቻ ነው።

ዶይል አልተቃወመም። «አንቺ ድልብ፣ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ሰው ምሰዪ» ነበር ያላት። መጠጥ ቤት ተቀምጦም ይኩራራል፦ «ሆዷን የምታስቀድደው ለኔ ብላ ነው። ያለኔ አንድ ቀን አታድርም!»

ከተማውም አመነው። ማንስ የማያምን አለ? ዶይል ሲጠጣ አድሮ ጠዋት ወለሉ ላይ ሲዘረር፣ ቀዝቃዛ ውሃ ደፍታበት፣ ጫማውን አስራለት፣ በራሷ መኪና ፈረቃው ላይ የምታደርሰው እሷ ናት። ዓይኗ አብጦ አንዱ ተደፍኖ እንኳ ታደርሰዋለች። አንድ ጊዜ ዶይል ፋብሪካው ውስጥ የሥራ ባልደረባውን በቡጢ ጥርሱን አረገፈለት። አለቃው ሊያባርረው ሲል ዳርላ ቢሮው ድረስ ሄዳ እግሩ ላይ ወደቀች። አለቃው ሰው ፊት አፍሮ ማረው። ዶይል ያን ማታ ምስጋናውን በቀበቶ ከፈላት፤ «ማን አማላጅ ላከሽ?» እያለ፣ ቀበቶው እስኪበጠስ።

በማግስቱም ፈረቃው ላይ አደረሰችው።

የቁርስ ቤቱ ሴቶች «ይሄ ሰውዬ ምን አስነክቷት ነው?» ይባባላሉ። ወይ ጉድ! በአርካንሳስ ምድር እንዲህ ያለ ፍቅር አይተው አያውቁም።

ኢንሹራንሱ መጀመሪያ «አንከፍልም፤ በሐኪም ክትትል ምግብ ትቀንስ» አለ። ግማሽ ዓመት ቅጠል በላች። ቀጥሎ ደግሞ «የሥነ ልቦና ባለሙያ ትያት» አለ። ባለሙያዋ በዳርላ ዓይን ዙሪያ የተለሰነውን ፓውደር ልብ ብላ አየችው።

«እንግዲህ ቤቱ ሰላም ካልሆነ ቀዶ ጥገናውን ለሌላ ጊዜ እናቆየዋለን። ቤትሽ ሰላም ነው?»

«ባሌ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያየኝ» አለች ዳርላ።

ኢንሹራንሱ እንደገና እምቢ አለ። እሷም ይግባኝ አለች። ይሄኔ ፋብሪካው ሠራተኛ ሊቀንስ ነው የሚል ወሬ ተነሣ፤ ዳርላ ወሬውን ስትሰማ የያዘችው ትሪ ከእጇ አምልጦ ሳህኑ ሁሉ ደቀቀ። ዶይልን ግን ሳይነኩት አለፈ። በመጨረሻ ኢንሹራንሱም እሺ አለ።

በቀዶ ጥገናው ዋዜማ ዶይል ጎድኗን በእርግጫ መታት። ረስል በሩን በርግዶ ገባ።

«ፍቺው! ዛሬውኑ ተነሺ፣ እኔ ቤት ትኖሪያለሽ!»

«አልፈታውም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል እንዴ? ይገድልሻል እኮ!»

«ባሌ ነው አልኩህ፣ ረስል። ውጣልኝ።»

ረስል ደጁ ላይ ምራቁን ተፍቶ ሄደ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ግን አለቀሰ።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ዶይል ሆስፒታል አበባ ይዞ መጣ፤ አልጋዋ ሥር ተንበርክኮ ሁለተኛ እጄን አላነሣብሽም ብሎ ማለ። ነርሶቹ እንባቸውን ጠረጉ። ቤት በገባች ሰሞን መረቅ አፈሰሰች ብሎ ከግድግዳው ጋር አላተማት። የአንዱ ስፌቷ ክር ተበጠሰ። ዳርላ ሸሚዟን ቀይራ የዶይልን ምሳ ቋጠረች።

ስፌቷ ሽሮ ክብደቷም መቀነስ ሲጀምር ረስል አላስችል ብሎት ሊጠይቃት መጣ። ዶይል ሲጠጣ አድሮ፣ የፋብሪካ ቱታውን እንደለበሰ ሶፋው ላይ ተዘርሮ ያንኮራፋል። ዳርላ መረቋን በማንኪያ ፉት ትላለች። ስልኳ ጮኸ፤ ከሆስፒታሉ ሂሳብ ክፍል ነው።

«ኢንሹራንሱ ከፈለ? ሙሉውን?» አለች። «እኔ ላይ አንድም ሳንቲም አይቀርም? ... ተባረኪ፣ የኔ እመቤት።»

ስልኩን ዘጋች። ረስል የግድግዳውን ሰዓት አየ።

«ፈረቃው እኮ ሊያመልጠው ነው። አትቀሰቅሺውም?»

ዳርላ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ተወው፣ ይተኛ» አለችው። «ያቺ ብረትህ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ናት፤ በፎጣ ጠቅልያታለሁ።»