ዓይነቱ ያልታወቀ ዲስክ

ሰው ትዝታውን ከጆሮው ጀርባ በተተከለ ዲስክ መያዝ በጀመረበት ዘመን፣ መንግሥት ለሕዝቡ አስቦ አንድ ስክሪፕት፣ ማለትም ራሱን ችሎ የሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ አሠራ። ስክሪፕቱ የእያንዳንዱን ዲስክ የፋይል ሥርዓት ዓይነት፣ ማለትም ትዝታው የተደረደረበትን መንገድ፣ ይለያል፤ ዓይነቱን ካላወቀው ግን «ባዶ ነው» ብሎ ያጸዳዋል። አድልዎ የሚባል ነገር አያውቅም።

ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር አቶ ውብሸት ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዘውድነሽ ጋር ለምርመራ ቀረቡ። የአቶ ውብሸት ዲስክ የድሮ ነበር።

«አባባ፣ ዲስክዎ ባዶ ነው» አለች ሠራተኛዋ ስክሪኑን እያየች።

«ምን ባዶ ነው? ሠርጌ ሳይቀር አለበት!» አሉ አቶ ውብሸት።

«ስክሪፕቱ ዓይነቱን አላወቀውማ።»

«እኔ አውቀዋለሁ እኮ!» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ። «እባክሽ ልጄ፣ ባለሙያ ጥሪልንና ይየው።»

«እማማ፣ ባለሙያዎቹንማ ስክሪፕቱ ተክቷቸው የለ?»

ስክሪፕቱ ክርክር ስለማይወድ እነሱ ሲነጋገሩ ሥራውን ጨርሶ ነበር። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። ሠራተኛዋም ፈገግ ብላ፣ «ተሳክቷል፤ እንኳን ደስ አለዎት!» አለቻቸው።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ዘውድነሽ ምሳ አቀረቡ። አቶ ውብሸት እጃቸውን ታጥበው በሩ አጠገብ ቆሙ።

«ኧረ ቁጭ በል፣ ይቀዘቅዛል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ አንገታቸውን ሰበር አድርገው። «ግን ባለቤትዎ እስኪመጡ ብጠብቅ ይሻላል።»

ወይዘሮ ዘውድነሽ ወንበሩን ሳቡላቸው።

«መጥቷል» አሉ፤ «ብላ።»