የአውራ ጣት አሻራ

ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው የፕላስቲክ ሽፋን ከፀጉር ሺህ ጊዜ ይቀጥናል፤ ባዶ እጅ ከነካው አለቀለት። ያን ጊዜ በቤተ ሙከራው አሻራ ሲገኝበት፣ የነካችው እሷ ነበረች። «ጋሼ ናቸው» ብላ ጠቆመች፤ ሽማግሌው ቴክኒሻን ተባረሩ።

«እኔ እንኳን ይህን ልነካ፣ የቤቴን በር የምከፍተው በጓንት ነው ልጄ» ብለዋት ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ድርብ ጓንት ታጠልቃለች። ዛሬም ጠዋት ከታሸገ ሣጥን አዲስ መስታወት አውጥታ ሽፋኑ የተንሳፈፈበት ውኃ ውስጥ ነከረችና ስሱን ሽፋን አነሳችበት። መያዙን ለማየት እንደ ልማዷ «ሃ» ብላ ተነፈሰችበት። በትንፋሿ ጭጋግ ውስጥ የአውራ ጣት አሻራ ብቅ አለ፤ እንደ ትናንቱ፣ እንደ ከትናንት ወዲያው።

«የጋሼ ነው» አለች፤ አፏ ለምዶባታል።

ከራሷ ጣት ጋር ለማስተያየት ጓንቶቿን አወለቀች። አውራ ጣቷ እንደ መስታወቱ ልሙጥ ነበር፤ አንድም መስመር አልተረፈበትም።