ተራርቃችሁ ተቀመጡ

«አባዬ፣ ቁጭ በል! እዚያው ባለህበት!»

ውድነህ ዞር ብሎ ልጁን አየው። እንዳልክ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አባቱን አዞ አያውቅም። አሁን ግን ከፊት ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ሸንተረሩ ላይ የተበተኑትን ሰዎች አንድ በአንድ በዓይኑ እየለቀመ ይጮኻል። ከላያቸው መብረቅ ያዘለው ደመና ጠቁሯል። የውድነህ የክንድ ጠጉር ብድግ ብሎ ቆሟል።

ካምፑ የጴንጤዎች ነው፤ ጠባያቸው ላስቸገረ ወንዶች ልጆች ተብሎ ተራራው ሥር፣ ጫካ ውስጥ የተሠራ። እንዳልክ ትምህርት ቤት ውስጥ የአንዱን ልጅ ጥርስ ሰብሮ ዳኛ ፊት ሲቀርብ፣ «ወይ ማረሚያ ቤት፣ ወይ እዚያ» ተባለ። ሰዉ መኪና በስልኩ መጥራት ጀምሮ የታክሲ ሥራ የቀዘቀዘበት ዓመት ነበር። ውድነህ ቅዳሴ የማያስታጉል ኦርቶዶክስ ነው፤ ቢሆንም ልጁን በዚያው በሚነዳው ታክሲ ዴንቨር አጠገብ ካለችው አውሮራ አምጥቶ በገዛ እጁ አስረከበ። ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ሬዲዮ አልከፈተም።

ዛሬ የወላጆች ቀን ነው። በካምፑ ልማድ ወላጆቹን መርቶ ተራራ የሚያወጣው ከልጆቹ አንዱ ነው፤ ኃላፊው ዳኛቸው ከሁሉም ኋላ ሆኖ ይከተላል። ለዛሬ የተመረጠው እንዳልክ ነበር።

ደመናው ገና ከሩቅ ሲታይ «እንመለስ» ያለውም እሱ ነው። የተራራው ጫፍ ቅርብ ነበረና ከፑዌብሎ ከተማ የመጣ አንድ ግዙፍ ሰው፣ የሌላ ልጅ አባት፣ «ይህን ሁሉ ወጥተን?» ብሎ አጉረመረመ። እንዳልክ አልተከራከረውም፤ ፊቱን አዙሮ ቁልቁል መራቸው። ደመናው ግን ቀደማቸው።

«ቦርሳችሁን አውርዳችሁ ላዩ ላይ ቁጢጥ በሉ! እግራችሁን ግጠሙ! የመራመጃ ዱላችሁን ወርውሩት፣ ብረት ነው! ተራርቃችሁ ተቀመጡ!» አለ በእንግሊዝኛ። ከዚያ ለአባቱ ብቻ በአማርኛ ደገመው። አማርኛው እንደ ሁልጊዜው ተሰባበረ፤ ድምፁ ግን አልተሰባበረም።

በረዶው ወረደ። ግዙፉ ሰውዬ ጭንቅላቱን በእጆቹ ሸፍኖ ብቻዋን ወደቆመች አንዲት ጥድ ሮጠ።

«ሰር! ከዛፉ ይራቁ!»

አልሰማም። እንዳልክ ሮጦ ደረሰበትና ክንዱን ያዘው። ሰውዬው መንጭቆ አስለቀቀ፤ በዚያ ግዙፍ መዳፉ የልጁን ደረት ገፈተረው።

ውድነህ የልጁን ትከሻ ያውቀዋል፤ ቡጢ ከመሰንዘሩ በፊት ወደ ላይ ይሰበሰባል። ተሰበሰበ። ውድነህ ከንፈሩን ነከሰ። ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ሰር» አለ እንዳልክ፣ «ልጅዎ እያየዎት ነው። እባክዎ ከእኔ ጋር ይምጡ።»

ሰውዬው ቦርሳው ላይ ኩርምት ብሎ ወደተቀመጠው ልጁ ተመለከተ። ከዚያ ተከተለው።

እንዳልክ ሰውዬውን ረባዳ ቦታ ላይ አስቀምጦ፣ እሱም ከሁሉም ራቅ ብሎ ቁጢጥ አለ። የለበሰው ስስ ሹራብ ነው። በረዶው ጀርባውን ሲወቅጠው ውድነህ ማየት አልቻለም፤ ጃኬቱን እያወለቀ ተነሣ።

«ኖ! አባዬ፣ አትምጣ!»

«ይበርድሃል እኮ ልጄ!»

«አንድ ላይ ከሆንን መብረቁ ሁለታችንንም ይመታናል! አንተን ከመታህ እኔ ሲፒአር አደርጋለሁ፣ ደረትህን ተጭኜ አነቃሃለሁ። እኔን ከመታኝ ደግሞ... ቁጭ በል፣ ፕሊስ!»

ውድነህ ጃኬቱን እንደታቀፈ ቁጭ አለ። ልጁን የሚወድድበት መንገድ ሁሉ መቅረብ ነበር፤ ርቆ መቀመጥ ይህን ያህል እንደሚከብድ አላወቀም።

ሰማዩ ተሰነጠቀ። ዓለም ነጭ ሆነች፤ መሬቱ ከሥሩ ተናጠ። ዓይኑን ሲገልጥ ምንም አይታየውም፤ ጆሮው ይጮኻል። በዚያ መሐል ከሩቅ ድምፅ መጣ።

«አባዬ! አባታችን ሆይ በል! ጮክ ብለህ፣ እንድሰማህ!»

ውድነህ ጉሮሮውን ጠራረገ። «አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር!»

«ስምህ ይቀደስ!» አለ ልጁ ከወዲያ።

«መንግሥትህ ትምጣ!»

«ፈቃድህ በሰማይ እንደሆነች!»

በሕፃንነቱ ውድነህ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያስተማረው ነው። ልጁ የረሳው መስሎት ነበር። አንዱ ጀምሮ ሌላው እየጨረሰ፣ መብረቁ በመካከላቸው እየተመላለሰ፣ እስከ አሜን ዘለቁት። እንደገናም ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ደመናው እንደመጣው ሄደ። ከታች ሜዳው ተገለጠ፤ የዴንቨር ፎቆች፣ ከእነሱም ወዲያ አውሮራ ጠፍጣፋ ሆና ፀሐይ ታበራባታለች። እንዳልክ እየዞረ ሁሉንም አየ፤ የአንዷን እናት እጅ ይዞ አስነሣ። ዳኛቸው ከኋላ ብድግ ብሎ ጉልበቱን አራገፈ። መሪው ሂዱ እስኪል ይጠብቃል።

ግዙፉ ሰውዬ ውኃ እየተንጠባጠበበት ወደ ውድነህ መጣ።

«ያ ልጅ ያንተ ነው?» አለው በእንግሊዝኛ።

ውድነህ ይህን ጥያቄ ለምዶታል። ርእሰ መምህሩ ጠይቆታል፤ ፖሊሱ ጠይቆታል፤ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ መስኮቱ የተሰበረበት ባለሱቅ ጠይቆታል። መልሱ ሁልጊዜም አንገት ደፍቶ «አዎ፣ ሶሪ» ነበር።

ቀና ብሎ ቆመ።

«አዎ፣ የእኔ ነው። እንዳልክ ይባላል። እንዳልክ ውድነህ።»

ሰውዬው ስሙን ለመጥራት ሞከረና አበላሸው። በቃ ብሎ እጁን ሊያወዛውዝ ሲል ውድነህ አልተወውም፤ እስኪያስተካክል ድረስ ቀስ እያለ ደጋገመለት።