የፖስተሩ ጀርባ

እማዬ በእጇ ወደ ላይ ታሳየኛለች። እሷ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ውስጥ ናት፣ እኔ የናይሪ አሳ መጥበሻ ሱቅ ውስጥ ወንበር ላይ ወጥቼ የባንዳችንን ፖስተር መስኮቱ ላይ እየለጠፍኩ ነው። ከፍ አደርገዋለሁ። በእምቢታ ራሷን ትነቀንቃለች። ዝቅ አደርገዋለሁ። አሁንም ትነቀንቃለች። ዕድሜዋን ሙሉ ያስተማረች ሴት ጠማማ ነገር አይታ ማለፍ አትችልም።

ከመኪና ግን አትወርድም። ለምክር ቤት ተወዳድራ ከተሸነፈች ወዲህ ያቺን ሰማያዊ ኮፍያ እስከ ቅንድቧ ደፍታ ነው የምትኖረው። መሸነፉንስ ችላው ነበር፤ ያቃታት የሰው "አይዞሽ" ነው። እሱን ላለመስማት ዳቦ እንኳ ሌላ ከተማ፣ ደኒደን ድረስ ነድታ ትገዛለች። ዛሬም እኔን ይዛ የመጣችው የከበሮ መቺያችን የራዊሪ መኪና ስለተበላሸ ብቻ ነው። አርብ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳችን ስም እንጫወታለን። እናቴ ከኋላም ቢሆን ቆማ እንድታየኝ እፈልጋለሁ። ስጠይቃት "እናያለን" አለችኝ። በእሷ አፍ እናያለን ማለት አይሆንም ማለት ነው።

ፖስተሩ እንዴት እንደሚያምር! የማተሚያ ቤቱን ዋጋ ስንሰማ ራዊሪ ከበሮውን ቢሸጥም እንደማይበቃ ነገረኝ። ስለዚህ እኛው ጋራዥ ውስጥ በጨርቅ ወንፊት ቀለም እየገፋን አተምነው። ቀዩን ልብስ ማስጫው ላይ አድርቀን ጥቁር ሰማያዊውን ደረብንበት። ወረቀቱም ወፍራም ነው፣ ቀለም አያፈስም፣ የወደቡ እርጥበት አያጣምመውም። ገንዘብ አላወጣንበትም። ጋራዡ ጥግ በካርቶን ታጭቆ ነው ያገኘነው። አንዱ ገጹ ነጭ ነው። በሌላው ገጽ እማዬ አለች።

ፈገግ ብላ፣ ከሥሯ በትልቁ "ግሌኒስ ትሰማችኋለች" ተብሎ። ከምርጫው የተረፈ ነው። አባዬን አቃጥለው ብላው፣ አልጨክን ብሎ ደብቆት ኖሯል። እኛም ለጥፈነው ጀርባውን ማን ያየዋል ብለን ነበር። መስኮት ሁለት ፊት እንዳለው የገባኝ ዳቦ ቤቱ ጋ የመጀመሪያውን ለጥፌ ከወንበር ስወርድ ነው። ይኸው ከዚያ ወዲህ በገባሁበት ሱቅ ሁሉ እናቴ ለደንበኛ ፈገግ ትላለች፣ ራሷ ግን ደጅ መኪና ውስጥ ተደብቃለች።

"አምሮባታል እኮ፣" ትላለች ናይሪ አሳውን ዘይት ውስጥ እየገለበጠች። "ስንጠራት አልመጣ ብላ በወረቀት መጣችልን።"

"አክስቴ፣ ቀስ በይ። ካወቀች ትገድለኛለች።"

"ሳታውቅ ነው እንዴ? ሮዊና፣ ጉድሽ ፈላ።"

ወረፋ የያዘው የወደብ ሠራተኛው ኬልቪን ይስቃል። "የባንዱስ ስም ማነው?"

"እርጥብ ክብሪት።"

"በጄ። ቢያንስ ቤት አታቃጥሉም።"

ደጅ የመኪና በር ሲዘጋ እሰማለሁ። የሱቁ ቃጭል ይጮኻል፣ እማዬ እየተቆጣች ትገባለች።

"ግራና ቀኝሽን የምትለዪው መቼ ነው? ውረጂ፣ እኔ ራሴ..."

ትቆማለች። ከራሷ ፎቶ ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጣለች።

"ሁሉም እንደዚህ ነው?" ትላለች።

"ሁሉም፣" እላለሁ። "ዳቦ ቤቱም፣ መድኃኒት ቤቱም፣ ቤተ መጻሕፍቱም።"

"ቤተ መጻሕፍቱም።"

"ወረቀቱ ጥሩ ስለሆነ ነው፣" እላለሁ።

"ጥሩ መሆኑን ለእኔ ትነግሪኛለሽ? የከፈልኩበት እኔ!"

ኬልቪን ጉሮሮውን ይጠርጋል። "እኔ እንኳ መርጬሻለሁ፣ ግሌኒስ።"

"ኬልቪን፣ መርጬሻለሁ ያለኝ ሁሉ መርጦኝ ቢሆን ዛሬ ምክር ቤት ነበርኩ።"

ኬልቪን ጫማውን ያያል። "እሺ፣ እውነቱን ልንገርሽ። የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ሞልቼዋለሁ። በፖስታ መላኩን ግን ረሳሁት። እስካሁን ፍሪጄ ላይ ተለጥፏል።"

እማዬ ታየዋለች። ከዚያ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ አለቀሰች ስል ሳቋ ያመልጣታል። ባንኮኒውን ተደግፋ እስክታነባ ትስቃለች። ይህን ሳቅ ከሰማሁት ምን ያህል ጊዜ እንደሆነኝ እንጃ፣ ናፍቆኝ ነበር።

ዓይኗን ጠርጋ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች። የፖስተሩን ጫፍ ስትልጥ ልትቀደው ነው ብዬ እጄን እዘረጋለሁ። ቀጥ አድርጋ መልሳ ትለጥፈዋለች።

"ናይሪ፣ ዋጋ የምትጽፊበትን እስኪ።"

ናይሪ ማርከሩን ታቀብላታለች። እማዬ ኮፍያዋ ስለጋረዳት ታወልቀውና ከፈገግታዋ ሥር፣ በዚያ በአስተማሪ ጽሕፈቷ ትጽፋለች፦ "የምትዘፍነው ልጄ ናት። አርብ እዚያ ነኝ።"

ከወንበሩ እወርዳለሁ። ናይሪ ያዘዝኩትን አሳ ትጠቀልልልኛለች።

"የሌሎቹ ሱቆች ላይም ጻፊ እንጂ፣" ትላለች ናይሪ። "እንዲሁ ከተውሽው ምርጫው ተደገመ ብለው ይደነግጣሉ።"

እማዬ ማርከሩን ከድና ኪሷ ትከታለች። "ነይ ሮዊና፣ መድኃኒት ቤቱ ሳይዘጋ።"

አሳዬን በወረቀት እንደተጠቀለለ አንስቼ ስከተላት፣ መኪናውን አልፋ በእግሯ መንገዱን እየተሻገረች ነው። ከወደቡ የሚመጣው ንፋስ ሽበቷን እንዳሻው ያደርገዋል።

ኮፍያዋ ባንኮኒው ላይ፣ ከኮምጣጤው ጠርሙስ አጠገብ ቀርቷል።