የተዋስኳት ልጅ

በእኛ መንደር መናፈሻ፣ ከዐሥር ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያልያዘ ሰው አይገባም። ዘበኛ የለውም፤ በሩ ራሱ ፊት አይቶ ይከፍታል። ስለዚህ ልጅ የሌለን ሽማግሌዎች ወንፊት እንደምንዋሰው ከጎረቤት ልጅ እንዋሳለን።

እኔ የምዋሰው የስንቅነሽን ልጅ፣ ማህደርን ነበር። እሷ ዥዋዥዌ ስትጫወት እኔ ከዋንዛው ሥር ጫማዬን አውልቄ ሳሩን እረግጣለሁ። የቤቴ ግቢ ሲሚንቶ ነው።

ትናንት የማህደር ልደት ነበር። ስንቅነሽ ድፎ ዳቦውን አቀረበችና፣ "አባባ ድልነሳው፣ እርስዎ ባርከው ይቁረሱልን" አለችኝ። ቢላውን ይዤ፣ "እደጊ፣ ተመንደጊ!" ብዬ መረቅኳት። ሁሉም "አሜን" አለ።

ዛሬ እጅ ለእጅ ተያይዘን ሄድን። በሩ አልተከፈተም።

"ሕፃን አልተገኘም" አለ።

ማህደር ፊቷን አስጠግታ አሳየችው።

"ሕፃን አልተገኘም።"

"የተረገመ ቆርቆሮ!" ብዬ በከዘራዬ መታሁት። ከውስጥ የልጆች ሳቅ ይሰማል።

ማህደር እጄን ሳትለቅ ቀና ብላ አየችኝ።

"አባባ፣ እርስዎ ትንሽ ልጅ ያውቃሉ?"

የማውቀው እሷን ብቻ ነበር።